የኦቦ ጉደታ ጎባጣ ቢላ

እናንተን እንጃ፤ እኔ የማላውቀው ዕቃ ሳይ እጄን ይበላኛል። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቼ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ሣጥን ላይ የተቀመጠ፣ ምንነቱ ያልገባኝ ነገር ካየሁ የቀረበልኝ ምግብ አይወርድልኝም። «ይኼ ምንድነው? ከየት መጣ? ለምን ይሆናል?» ካላልኩ ጤና የለኝም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ገና ከበሩ ሳናልፍ ክርኔን ነካ ታደርገኛለች። «እጅህን ሰብስብ» ማለቷ ነው። እጄን እሰበስባለሁ። ዓይኔን ግን ማን ይሰበስበዋል?

ሥራዬም ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም። በደርግ ዘመን አምቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ከሥሬ ሰው የነበረ እንዳይመስላችሁ፤ ኃላፊውም ተላላኪውም እኔው ነበርኩ። የንብረት ክፍል ሰው ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ ዕቃ ከሰማይ አይወርድም። ዶማ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ያለ ወረቀት የገባ ዶማ፣ ዶማ መሆኑ ቀርቶ ጣጣ ይሆናል። እንዲህ እያለ ዓመታት የቆየ ሰው እናቱ የላከችለትን ጋቢ እንኳ ሰነዱን ሳይጠይቅ አይለብስም።

ስጦታን መጠርጠር ግን የእኔ ብቻ አመል አይደለም፤ እናንተም ብትሆኑ አታመልጡም። ሰው አንድ ነገር ሲሸጥልን ዋጋውን እንከራከራለን እንጂ ሰውየውን አንጠረጥርም። በነጻ የሰጠን ዕለት ግን እንቅልፍ አይወስደንም። «ምን ፈልጎ ይሆን?» እንላለን። ሌላ ሰው ሲሰጠው ያየን እንደሆነማ የባሰ ነው፤ ወሬው ሦስት ሰፈር ይዞራል።

ለማንኛውም ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ አንድ ቢላ ነው።

ኦቦ ጉደታ ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታቸው ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ከእኛ ሦስት አጥር አለፍ ብሎ ነው። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ፣ ጠዋት ጠዋት ድንቻቸውን የሚኮተኩቱ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «አካም ኦልቴ? እንዴት ዋልክ?» እያሉ የሚውሉ ሰው። በጃንሆይ ጊዜ ሰላም ለማስከበር ኮንጎ ከወረደው ጦር ጋር ዘምተዋል። እዚያ ከሰፈራቸው አጠገብ፣ በህንድ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የኔፓል ሰዎች ሰፍረው ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ በእጃቸው ሲያሳዩን ደረታቸው ድረስ ብቻ የሚመጣ አጭር ሰው፣ የገዛ ቢላውን ሰጣቸው። ቢላው በዚያ አገር ሰዎች ቋንቋ ኩክሪ ይባላል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ችግሩም ይኸው ነበር። ሰው ታሪኩን ሲሰማ የቀረ ነገር ያለ ይመስለዋል።

«ለምን ሰጠዎት?» ይላቸዋል።

«ሂን ቤኩ። እንጃ፤ ሰጠኝ።»

«ከሞት አድነውት ነው?»

«ኧረ እሱ እኔን ቢያድነኝ ይቀላል!»

«ታዲያ በምን ለወጡት?»

«ወታደር ምን አለውና ይለውጣል? ሰጠኝ አልኩህ እኮ።»

አሁን ሳስበው፣ ኦቦ ጉደታ ውሸታም ቢሆኑ ኖሮ ምክንያት አያጡም ነበር። ውሸት ከቤቱ ሲወጣ ምክንያቱን ሰንቆ ነው የሚወጣው። እውነት ግን ባዶ እጁን ይመጣና «እንጃ» ብሎ ይቀመጣል። ይህን ለማስተዋል የሚበቃ ዕድሜ ያን ጊዜ አልነበረኝም።

አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ካርታ ያነበበ ሰው ነውና፣ «ኦቦ ጉደታ፣ ኔፓል እስያ ናት፤ ኮንጎ አፍሪካ ናት። የት ተገናኛችሁ?» ብሎ አፋጠጣቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና «አምቦም እኮ ኮንጎ ውስጥ አይደለችም!» አሉት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቀው ግን በመምህሩ አልነበረም፤ በእሳቸው ነው። አንዴ ውሸታም የተባለ ሰው ትክክለኛ መልስ ሲሰጥ እንኳ ለቀልድ ይቆጠርበታል።

የመሣሪያ ምዝገባ የታወጀ ጊዜም ቢላውን ይዘው ቀበሌ ቀርበው ነበር። ሊቀመንበሩ አገላብጦ አየውና ከምን እንደሚመድበው ጨነቀው። ጠመንጃ አይደለ፤ ጎራዴ አይደለ። ማጭድ ነው ብሎ እንዳይቀልድበት ደግሞ ማጭድ በዚያን ጊዜ ባንዲራ ላይ የሚሣል የተከበረ ነገር ነው። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር «አንድ ጎባጣ ቢላ» ብሎ ጻፈና መለሰላቸው። ከየት እንደመጣ የሚሞላበት ቦታ ባዶ ቀረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስማቸው «ጉደታ ኮንጎ» ሆነ። ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ ወሬውን ሲያሳብጥ «ይኼ እንኳ የኮንጎ ነው» ይባላል። ቢላውን በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነበር፤ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ሲሠራበት ያየ ደግሞ ማንም የለም። «ያልቅብኛል» ይላሉ ሲጠየቁ። ስለዚህ ያላዩት ሰዎች «የጉደር ቀጥቃጭ ከተሰበረ ማጭድ የሠራው ነው» እያሉ ይምሉ ነበር። እኔም አንድ ሁለቴ ምያለሁ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ?

በአንዱ ዓመት ጥር ላይ የመጨረሻ ልጃቸው ለሊሴ ልትዳር ሆነ። ለሊሴ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ቀልጣፋ፣ አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳላቸው ልጅ ናት። የሚያገባት ባኮ የሚሠራ የእርሻ ባለሙያ ነው። ሙሽራውን አጅበው የሚመጡትም የተማሩ፣ በመኪና የሚመጡ፣ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሰዎች እንደሆኑ ሰፈሩ አስቀድሞ ሰምቷል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከቢሮ ስመለስ ኦቦ ጉደታ ከበረንዳቸው ጠሩኝ።

«ያ ግርማ፣ አንተ ግርማ» አሉኝ፣ አጠገባቸው ከተቀመጥኩ በኋላ፣ «ልጄ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አባ፣ አደራህን፣ በሠርጌ ቀን ስለ ኮንጎ አታውራ› አለችኝ።»

ምን ልበላቸው? «ሰው እንዳይስቅብዎ አስባ ነው እንጂ ሌላ ምን ትላለች?» አልኩ።

«የሚያምን ሰው ሳቅ ይፈራል?» አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝም። «እሷም አታምነኝም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሰው ሲስቅብኝ ‹ቤቴ ግን ያውቃል› እያልኩ ነበር የምገባው።»

አንጀቴን በሉት። አፈርኩም፤ ከሚስቁት አንዱ እኔ ነበርኩና። እሳቸው ግን ያን ዕለት አንድ ነገር ቆርጠው ኖሯል። ልጃቸው ሳትዳር፣ በዚያው በሚስቅባቸው ሰው ፊት፣ ቢላውን ሊያሳዩ። ቀኑም ተመርጧል፤ የእንጨት ፈለጣው ቀን።

ሠርግ ቤት እንጨት ፈለጣ ምን እንደሚመስል የማታውቁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የዕድሩ ወንድ ሁሉ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። እንጨቱ ከወንጪ በኩል በፈረስና በአህያ ተጭኖ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተቆልሏል። ስሙ ሥራ ነው እንጂ ነገሩ ፉክክር ነው። ቀጭኑን እንጨት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የሁሉም ዓይን ትልቁ ግንድ ላይ ነው፤ በተለይ ጉጥ የበዛበት፣ የተጠማዘዘ፣ ሽብልቅ የሚውጥ ከሆነ ወንድ ሁሉ ይሰለፍለታል። አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይተቻል፣ ሦስተኛው «ወዲህ በል፣ የእናንተ እጅ ቅቤ ነው» ብሎ መጥረቢያውን ይቀማል። ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ጊዜ ሆታ ይሆናል፤ ባለድሉ ላቡን እየጠረገ ጠላውን ይቀበላል። ቅርንጫፉ ግን እንደተከመረ ይቀራል። በመጥረቢያ ሲመቱት ይዘላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ክብርም የለው። ድግሱ የደረሰ ቀን ወጥ ቤት ያሉ ሴቶች እየረገጡና በጉልበታቸው እየሰበሩ ይማግዱታል።

ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ተሰበሰብን። ከሰፈራችን ፈላጭ አንደኛው ባለ ጋሪው ቶሎሳ ነው። ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል፤ ፈረሱ ቢደክምበት ጋሪውን እሱ የሚጎትተው ይመስለኛል። አንድ የወይራ ግንድ ላይ ቆሞ እጁን እንትፍ እንትፍ ሲል ኦቦ ጉደታ ከቤት ወጡ። በእጃቸው የተጠቀለለ ነገር አለ። በረንዳው ላይ ፈቱት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኼኔ ነው። መጥረቢያ ሁሉ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ተጠጋ። እኔማ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ከፊት ራሴን አገኘሁት። አፎቱ ጥቁር ቆዳ ለብሷል። ከጀርባው ሁለት ጣት የሚያህሉ ትናንሽ ቢላዎች ተሰክተዋል፤ አንዱ የሚቆርጥ፣ አንዱ የደነዘ። ዋናው ቢላ ሲመዘዝ ክንድ አይሞላም። ጀርባው ወፍራም ነው። የእኛ ጎራዴ ወደ ኋላ ሲቀለበስ ይኼኛው ወደ ፊት ይጎነበሳል፤ መሬት ላይ የጣለውን የሚፈልግ ሰው ይመስላል። ጫፉ ጋ ሲደርስ ሆዱ ሰፋ ይላል፤ ክብደቱም እዚያው ነው። ከእጀታው ከፍ ብሎ ደግሞ ስለቱ ላይ አንድ ትንሽ ጥርስ ተቆርጦለታል።

«ይህቺ ጥርስ ለምንድናት?» አልኩ ወዲያው። እጄ መቼም አያርፍም፤ በጣቴ እየነካካኋት ነው።

«ቢራ መክፈቻ ናት» አለ ቶሎሳ።

«ደም ወደ እጀታው እንዳይወርድ ነው» አለ ሌላው።

«ሂን ቤኩ» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«ደም ሳይቀምስ ወደ አፎቱ አይመለስም የሚባለው ይኼ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ከየት እንደሰማው እንጃ። ይኼኔ ከፊት የነበርነው ትንሽ ወደ ኋላ አልን።

ኦቦ ጉደታ ፈገግ አሉ። «እኔ እንኳ ያየሁት ሽንኩርት ሲቀምስ ነው» አሉ።

ሳቁ ተነሣ። ለሊሴ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አንገቷን ደፋች።

«እስቲ ይሞከር!» ተባለ። የመጀመሪያውን ዕድል እኔ ለምኜ ወሰድኩ። አሁን ስሕተታችንን ልብ በሉልኝ። ከመካከላችን አንድም ሰው «ይኼ ዕቃ ለምን ዓይነት እንጨት ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጠያቂ ነኝ ባዩ እኔ እንኳ አልጠየቅኩም። ለእኛ እንጨት መቁረጥ ማለት ትልቁን ግንድ ማሸነፍ ነው፤ የሚፈተን ብረትም ከትልቁ ግንድ ፊት ይቀርባል። እኔም ቀጥ ብዬ ወደ ወይራው ሄድኩ። እግሬን ከፍቼ ቆምኩ። ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ ሰነዘርኩ። ቢላው ጉጡን ነከስ አደረገና ነጠረ፤ ሱሪዬን ጉልበቴ ላይ ሸርከት አድርጎ አለፈ። እግሬ የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው።

«ኮንጎ ሰው አቆሰለች!» አለ አንዱ።

ቶሎሳ ተቀበለኝ። የእሱስ ምት የዋዛ አልነበረም፤ ግን ቢላው ግንዱ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ሲያወዛውዝ፣ ሲጎትት፣ እግሩን ሲያስደግፍ ቆይቶ በመከራ አወጣው። «ማጭድ ጤፍ ሲሰጡት ነው እንጂ ወይራማ ምን ያደርግበታል!» ብሎ መለሰላቸው። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ኦቦ ጉደታ የሚያዩት እኛን ሳይሆን የወጥ ቤቱን በር ነበር።

«ጨረሳችሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

ቢላቸውን ይዘው ማንም ወዳልነካው የቅርንጫፍ ክምር ሄዱ። ጆንያ አጥፈው ተቀመጡበት። አንድ ጉቶ ከፊታቸው አቆሙ። በግራ እጃቸው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስበው ጉቶው ላይ አስደገፉና ቢላውን ከፍ አድርገው ለቀቁት። መቱት አልላችሁም፤ ለቀቁት። ቀጭ አለ። የስንዝር ቁራጭ እግራቸው ሥር ወደቀ። ቅርንጫፉን ገፋ፣ ቢላውን ለቀቅ፣ ቀጭ። ገፋ፣ ለቀቅ፣ ቀጭ። የሚንቀሳቀሰው የእጃቸው አንጓ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሥራ ያ የቢላው ሰፊ ሆድ በገዛ ክብደቱ ይሠራዋል። ቅርንጫፉ አይዘል፣ አይተጣጠፍ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለውም፣ የእጅ አንጓ የሚያህለውም በአንድ ምት ነው የሚሄደው። ወፈር ያለውን ደግሞ ጫፉ ላይ ቢላውን ነከስ አድርገው፣ ጀርባውን በሌላ እንጨት ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት ቁመቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል።

ሳቁ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። ከወጥ ቤቱ በኩል ግን ድምፅ መጣ። የዚያ ሠርግ የወጥ ቤት አዛዥ እትዬ አስካለ ናቸው፤ የሰፈሩን ድግስ ሁሉ የሚመሩ፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴትዮ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ክምሩን አዩት።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ። «ስንት ዘመን ድግስ ቤት ስሠራ ወንድ ልጅ ለምድጃዬ የሚሆን እንጨት ሲቆርጥልኝ ዛሬ ገና አየሁ! እናንተ የምትፈልጡት ለፉከራ ነው እንጂ ለወጥ መቼ ነው? የፈለጣችሁት አንዱ ፍልጥ ድስቴን ይገለብጠዋል!»

እውነታቸውን ነው። በሠርጉም በለቅሶውም ስንት ዓመት ስንፈልጥ፣ ወጥ በምን እንጨት እንደሚበስል የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላማ ግቢው ሌላ ሆነ። ግንዱ ተረሳ። ጎልማሳው ሁሉ ተራ ይዞ «እስቲ እኔም፣ እስቲ እኔም» ይል ጀመር። ኦቦ ጉደታ እንደ አሠልጣኝ «አትምታ፣ ልቀቀው፤ አንጓህን፣ አንጓህን!» ይላሉ። ቶሎሳ እንኳ ያን ሁሉ ክንድ ይዞ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ጭራሮ ሲከትፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወሰድኩት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከፍ ስታደርገው ከባድ ነው፤ ስትለቀው ግን መንገዱን ያውቃል። እጅ አያምም። ሁለት አደርገዋለሁ ያልኩት ሃያ ሆነ። ከእጄ ላወርደው አልቻልኩም።

በዚህ ደስታ መሃል ነው ያችን ነገር የተናገርኩት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ላሞግሰው ብዬ፣ ደግሞም ጮክ ብዬ፣ «ኦቦ ጉደታ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ ሰው ለሰው አይሰጥም!» አልኩ።

ቶሎሳ ቀና አለ። «እውነትህን ነው» አለ። «እኔ ብሆን አልሰጥም። ወይ ሰርቀውታል፣ ወይ ከሞተ ሰው ወገብ ፈተውታል።»

ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን አልነበረም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «መቼም ጦር ሜዳ ነው…» አለ አንዱ። «ምክንያቱን የማይነግሩን ለካ…» አለ ሌላው። የሰውን ነገር ተመልከቱልኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቢላው የጉደር ማጭድ ነበር፣ ሰውየውም ውሸታም። ቢላው እውነተኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ሰውየው ሬሳ ገፋፊ ሆኑ። በሩን የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለሊሴ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከመሃላችን ደርሳ ነበር። ሰማች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኦቦ ጉደታ ተነሡ። ቢላውን ከእጄ ተቀበሉኝ። የተጣበቀበትን ልጣጭ በጣታቸው አነሡ፤ ስለቱን በኮታቸው እጅጌ ወለወሉ። ሁለቱ ትናንሽ ቢላዎች በቦታቸው መኖራቸውን አዩ። አፎቱ ውስጥ ከተቱትና በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንካ» አሉኝ።

የት እንዳስቀምጥላቸው እንደፈለጉ አልገባኝም። «የት ላድርገው?» አልኩ።

«ፉደዱ። ውሰደው፤ ያንተ ነው።»

«ኧረ በሕግ! ለምን ብለው?»

«ያ ሰው የእኔን ቋንቋ አያውቅም፤ እኔም የሱን አላውቅም» አሉ። ለእኔ ይናገሩ እንጂ ግቢው ሁሉ ይሰማል። «ጠዋት ጠዋት ለሻይ እንጨት ሲቆርጥ ማዶ ተቀምጬ አየው ነበር። ወር ሙሉ አየሁት። አንድ ቀን ተነሣና እንደዚህ አድርጎ ዘረጋልኝ። እኔም አሁን አንተ እንዳልከው፣ ‹እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለሰው አይሰጥም› አልኩት በአማርኛ። ደገምኩና በኦሮምኛም አልኩት። ሳቀብኝና እጄ ላይ አስቀመጠው። ሌላ ነገር የለውም፤ ነገሬ ይኸው ነው።» ወደ ቶሎሳ ዞሩ። «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ አሁን ሁላችሁም ቆማችሁ ታያላችሁ። ነገ ደግሞ ግርማ ሰረቀኝ በሉ።»

ቶሎሳ ጎንበስ ብሎ ጭራሮ ይለቅም ጀመር። እኔ ቢላውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ለሊሴ ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀመጠች። አባቷ አጠገብ ሄዳ የኮታቸውን እጅጌ ያዘች።

«አባ» አለች፣ «የባኮ ሰዎች ሲመጡ ስለ ኮንጎ አንተ ራስህ ንገራቸው።»

«ምን ይዤ ልንገራቸው? ማስረጃዬን ሰጠሁት እኮ።»

«ምንም ሳትይዝ ንገራቸው። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ኦቦ ጉደታ ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ እንጨቱ አዞሩ። እኛም አዞርን። አንዳንድ ነገር ሰው ባያይ ይሻላል።

በሠርጉ ቀን ነገሯቸው። ቢላውን ለምስክርነት ይዤ ልምጣ ብላቸው «ዲሲ፣ ተወው» ብለውኝ ነበርና ባዶ እጃቸውን ነው ያወሩት። ከባኮ ሰዎች ሁለት ሦስቱ መሳቅ ጀምረው ነበር። ለሊሴ ቬሏን እንደለበሰች ከአባቷ ጎን ቆማ፣ ከሳቂዎቹ ፊት ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ሙሽራዋ ቆማ እንዲህ እያየቻችሁ እስቲ ሳቁ! ሳቁ እንደጀመረ ቀረ። አንዱ ሽማግሌም «ታዲያ ያ ሰው ደህና ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ኦቦ ጉደታን ስለዚያ ሰው ደህንነት ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

እኔ ቢላውን ልመልስ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ድንች አሸክመው መለሱኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ስታየው «ከየት አመጣኸው?» አለች። «ኦቦ ጉደታ ሰጡኝ» አልኳት። «ግርማ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች። ከሰፈሩ ሰዎች ሰምታ እስክታረጋግጥ ድረስ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ከወንድሟ ጋር ግን አሁንም ድረስ አልተማመንንም፤ እሱ በካርታ ጨዋታ የበላሁት ነው የሚመስለው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራ ወደ ባኮ አዛወረኝ። አገሩ ሞቃት ነው፤ ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ የተከራየሁበት ግቢ ቅርንጫፍ ደግሞ አያልቅም። ቢላውም ሥራ አልፈታ። ያልቅብኛል ብዬ ሣጥን ውስጥ አልከተትኩትም። በየቅዳሜው ጉቶዬን አቁሜ፣ ጆንያዬን አጥፌ፣ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ እውላለሁ። የግቢያችን ዘበኛ ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እኔ ሥራ ስጀምር ይመጡና ከወዲያ ማዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አይናገሩም። ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ «እስቲ ይሞክሩት» አልኳቸው። ከእኔ ይልቅ እጃቸው ያውቅበታል፤ ገና በሦስተኛው ምት አንጓቸውን አገኙት። ክምሩን ጨርሰው ቢላውን ሲመልሱልኝ በሁለት ጣት ስለቱን ዳበስ አደረጉት።

«ይኼን ከየት አገኙት፣ አቶ ግርማ?»

«ኦቦ ጉደታ የሚባሉ የአምቦ ሰው ሰጡኝ።»

«ለምን ሰጡዎት?»

«እንጃ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ፈገግ አሉ። የዚያችን ፈገግታ ትርጉም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «ኧረ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለሰው አይሰጥም» አሉኝ።

ይህን ነገር ለማሳመን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። እንዴት እንደሚደረግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሁለት እጅ ይዘረጋል፣ «እንካ» ይባላል፣ ያልቃል። ኦቦ ፈይሳም እጃቸውን ገና አልሰበሰቡም ነበር።

«አየሩ ከብዷል፤ ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» አልኳቸውና ቢላውን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።